የፎገራ ሜዳና የሩዝ ዘሩ፦ በብስባሽ ላይ የተመረጠ፣ በወቅቱ የተባዛ ዘር ለምን ያስፈልጋል?

የፎገራ ሜዳ በደቡብ ጎንደር ዞን ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተንጣለለ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ለም መሬት ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት ሞልተው ሲፈስሱ የሜዳው ሰፊ ክፍል በውኃ ይሸፈናል። አብዛኞቹ የአካባቢው ሰብሎች ለረጅም ጊዜ በተኛ ውኃ ውስጥ ጥሩ ምርት ስለማይሰጡ፣ ይህ ውኃ ቀደም ባሉት ዘመናት ለአርሶ አደሩ ከጥቅሙ ይልቅ ጉዳቱ ያመዝን ነበር።

ይህን ሁኔታ የለወጠው ሩዝ ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የሰሜን ኮሪያ የግብርና ባለሙያዎች በደራ ወረዳ ጅግና፣ በፎገራ ወረዳ ደግሞ ሻጋ በተባሉ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሩዝን ካስተዋወቁ በኋላ፣ ሰብሉ ከአርሶ አደር ወደ አርሶ አደር እየተላለፈ ሜዳውን አዳርሷል። የወረታ ከተማ ዛሬ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮዎች የሚበዙባት የንግድ ማዕከል ናት። በአካባቢው የሩዝ ዱቄት ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ይጋገርበታል፤ ጠላና አረቄ ይወጣለታል፤ ገለባው ለከብት መኖ ይውላል።

ይሁን እንጂ የዚህ ሁሉ ኑሮ መሠረት የሆነው ዘር የሚገባውን ያህል ትኩረት አግኝቷል ለማለት ያስቸግራል። የዝናቡ መግቢያና መውጫ በተዛባበት፣ የኬሚካል ማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ በሚዋዥቅበትና የጣና ሐይቅ ደኅንነት አሳሳቢ በሆነበት በአሁኑ ወቅት፣ የአየር ንብረት ለውጥን የሚቋቋምና በተፈጥሮ ማዳበሪያ ላይ የተመሠረተ የሩዝ ዘር ማልማት ለተመራማሪዎች ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። የዕቅድ፣ የበጀትና የአፈጻጸም ጥያቄም ጭምር ነው።

አንድ ዝርያ የተሸከመው ሜዳ

በፎገራና በአጎራባች ወረዳዎች ለረጅም ዓመታት በስፋት ሲመረት የቆየው ዝርያ “ኤክስ-ጅግና” በመባል ይታወቃል። ዝርያው ስሙን ያገኘው መጀመሪያ ከተለመደበት ስፍራ ነው። የተወደደበት ምክንያትም ግልጽ ነው። የደጋማውን ቅዝቃዜ ይቋቋማል፤ ፍሬው ነጭ በመሆኑ በገበያ ተፈላጊ ነው፤ ገለባውንም ከብት ይወደዋል።

ሆኖም አንድ ዝርያ ለአሠርት ዓመታት ከጎተራ ወደ ማሳ፣ ከማሳ ወደ ጎተራ ሲመላለስ ከሌሎች ዝርያዎች ጋር መቀላቀሉ አይቀርም። በአውድማ ላይ የሌላ ዝርያ ፍሬ ይገባበታል፤ የቀይ ሩዝ ፍሬም ይደባለቅበታል። በዘር የሚተላለፉ በሽታዎች ከዓመት ወደ ዓመት ይሸጋገራሉ። በአንድ ማሳ ላይ ቀድሞ የደረሰና ገና ያልደረሰ ሩዝ አብሮ ሲታጨድ፣ በመፈልፈያው ውስጥ የሚሰባበረው ፍሬ ይበዛል። የአገር ውስጡ ሩዝ በከተማ ገበያ ከውጭ ከሚገባው ጋር በጥራት መወዳደር የሚያቅተው በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው። የጥራት ጉድለቱ በወፍጮ ቤት ይታይ እንጂ ሥሩ ከዘሩ ይጀምራል።

ከዚህ የሚከፋው አደጋ የዘር መሠረቱ መጥበብ ነው። የአንድ አካባቢ ኑሮ በአንድ ዝርያ ላይ ሲንጠለጠል፣ ያን ዝርያ የሚያጠቃ አዲስ በሽታ ወይም ዝርያው የማይቋቋመው የአየር ጠባይ ቢከሰት ጉዳቱ በጥቂት ማሳዎች አይወሰንም። በመሆኑም የዝርያ ብዝኃነት ለአርሶ አደሩ እንደ መድን የሚቆጠር ነው።

ከመንግሥት በኩል ለሰብሉ የተሰጠው ትኩረት ቀላል አልነበረም። ሩዝ “የሚሊኒየሙ ሰብል” የሚል ስያሜ ተሰጥቶት ነበር። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2008 በዮኮሐማ ይፋ የሆነውን የአፍሪካ ሩዝ ልማት ጥምረት ተቀላቅላ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ልማት ስትራቴጂ ነድፋለች። ስትራቴጂው በአገሪቱ ለዝናብ ጥገኛ የሩዝ ልማት አመቺ ሊሆን የሚችል 30 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት መኖሩን አመልክቷል። በወረታ የተቋቋመው የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም ከጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ኤጀንሲ፣ ጃይካ፣ ባገኘው ድጋፍ ጭምር ምርምሩን በአገር አቀፍ ደረጃ ሲያስተባብር ቆይቷል። “እድገት” እና “ሻጋ” የተሰኙትን ጨምሮ በርካታ ዝርያዎች ከምርምር ወጥተዋል። ያም ሆኖ ዝርያ ከምርምር መውጣቱና በአርሶ አደሩ ማሳ ላይ መታየቱ አንድ ነገር አይደለም።

የአየር ጠባይ መዛባት በአንድ የምርት ዘመን ውስጥ

የአየር ንብረት ለውጥ በፎገራ ሜዳ ላይ የሚገለጸው በአንድ ዓይነት ችግር ብቻ አይደለም። አርሶ አደሩ ሩዙን በሰኔ ወር በብተና ይዘራል። ዝናቡ ዘግይቶ ከገባ ወይም ገብቶ ከተቋረጠ፣ የበቀለው ቡቃያ በድርቅ ይመታል። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ወንዞቹ ከልክ በላይ ሲሞሉ ቡቃያው ሙሉ በሙሉ በውኃ ይዋጣል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ላይ በጣና ዙሪያ የደረሰው የጎርፍ አደጋ በርካታ የፎገራ፣ የሊቦ ከምከምና የደምቢያ ነዋሪዎችን ከቀያቸው ማፈናቀሉ ይታወሳል።

ዝናቡ በመስከረም ቀድሞ ሲወጣ ፍሬ በመያዝ ላይ ያለው ሩዝ እርጥበት ያጥረዋል። የዘገየው ሩዝ ደግሞ የጥቅምት ቅዝቃዜ ይጠብቀዋል። ሩዝ ዘለላ በሚያወጣበትና በሚያብብበት ወቅት፣ እንደ ዝርያው ዓይነት፣ የሙቀት መጠኑ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ከሚሆነው ወሰን በታች ሲወርድ አበባው ይመክናል፤ ዘለላው ቆሞ ቢታይም ፍሬ አይኖረውም።

በመሆኑም ለዚህ ሜዳ የሚፈለገው ዘር በመጀመሪያ ድርቅን፣ በመካከል ጎርፍን፣ በመጨረሻ ቅዝቃዜን የሚችል መሆን አለበት። ለአንዱ ችግር ብቻ የተዘጋጀ ዝርያ ለሌላው ሊጋለጥ ይችላል። በሌላ አገር ስመ ጥር የሆነ ዝርያ እንዳለ ቢመጣ በፎገራ የሚጠበቅበትን ላያስገኝ የሚችለውም ለዚህ ነው።

ችግርን የሚቋቋም ባሕርይ ከየት ይገኛል?

በዚህ ረገድ የሌሎች አገሮች ልምድ ጠቃሚ ትምህርት ይሰጣል። በምዕራብ አፍሪካ ዶክተር ሞንቲ ጆንስ እና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የእስያን ሩዝ ከአፍሪካ ነባር ሩዝ ጋር በማዳቀል “ኔሪካ” የተሰኙትን ዝርያዎች አስገኝተዋል። ሥራው ዶክተር ጆንስን እ.ኤ.አ. በ2004 የዓለም የምግብ ሽልማት ተጋሪ አድርጓቸዋል። ከእነዚሁ መካከል ኔሪካ-4 ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ በዝናብ ብቻ በሚለማ የተዳፋት ሩዝ አካባቢዎች ተለምዷል።

ጎርፍን በሚመለከት በጉልህ የሚጠቀሰው የሕንድ ተሞክሮ ነው። በኦዲሻ ግዛት ይገኝ ከነበረ የአርሶ አደሮች ነባር ሩዝ ላይ፣ ቡቃያው በውኃ ሲዋጥ ራሱን እንዲቆጥብ የሚያደርግ “ሰብ-1” የተባለ ባሕርይ ተገኝቷል። ተራው ሩዝ በውኃ ሲዋጥ ለመውጣት ሲል በፍጥነት ያድግና ጉልበቱን ጨርሶ ይሞታል። ይህን ባሕርይ የያዘው ሩዝ ግን ዕድገቱን ገትቶ ይቆይና ውኃው ሲሸሽ ያንሰራራል። ባሕርዩ ስዋርና በተሰኘው ታዋቂ ዝርያ ላይ ተዳቅሎ እ.ኤ.አ. በ2009 በሕንድ የተለቀቀ ሲሆን፣ አዲሱ ዝርያ ሁለት ሳምንት ያህል በውኃ ተውጦ መቆየት ይችላል። እዚህ ላይ ሁለት ነጥቦች ሊጤኑ ይገባል። የመጀመሪያው፣ ሥራው የተከናወነው ዘረ መልን ከሌላ ፍጡር በመክተት ሳይሆን ሩዝን ከሩዝ ጋር በማዳቀል መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ አርሶ አደሩ የሚወደው ዝርያ ሳይቀየር የጎደለው ባሕርይ ብቻ የተጨመረለት መሆኑ ነው። ቅዝቃዜን የሚችለውንና በገበያ የተወደደውን የፎገራ ሩዝ መነሻ አድርጎ ጎርፍን የመቋቋም ባሕርይ መጨመር በዚሁ መንገድ ሊታሰብ የሚችል ሥራ ነው።

ኢትዮጵያ በዚህ በኩል ባዶ እጇን አይደለችም። በፎገራና በጋምቤላ ረግረጋማ ስፍራዎች የዱር ሩዝ በተፈጥሮ ይበቅላል። የዱር ሩዝ ለአርሶ አደሩ አረም ቢመስልም ለምርምር ግን ጎተራ ነው። ለባክቴሪያ በሽታ የመቋቋም ባሕርይ በመስጠት በዓለም የታወቀው አንድ ዘረ መል የተገኘው ከዚሁ የአፍሪካ የዱር ሩዝ ወገን፣ ከማሊ በተሰበሰበ ናሙና ላይ ነው። ረግረጉ በታረሰና ግጦሹ በጠበበ ቁጥር ይህ ሀብት እየመነመነ ስለሚሄድ፣ በሚበቅልበት ስፍራ መጠበቁና ናሙናው በብዝኃ ሕይወት ተቋም መቀመጡ ነገ የማይባል ተግባር ነው።

ኦርጋኒክ ዘር ሲባል ምን ማለት ነው?

ኦርጋኒክ ዘር በኬሚካል ማዳበሪያና በፀረ ተባይ መድኃኒት ሳይታገዝ ከለማ ሰብል የተገኘ፣ በኬሚካልም ያልታሸ ዘር ነው። ነገር ግን ጉዳዩ ከኬሚካል መራቅ ብቻ አይደለም። ዝርያው የተመረጠበት መሬት ምን ዓይነት ነበር የሚለውም መታየት አለበት። ዝርያዎች በአብዛኛው የሚፈተኑት ሙሉ የማዳበሪያ መጠን በተሰጠው የምርምር ማሳ ላይ ነው። በእንዲህ ያለው ማሳ አንደኛ የወጣ ዝርያ፣ ንጥረ ነገሩን ቀስ በቀስ በሚለቅ ብስባሽ ላይ ሲዘራ ደረጃውን ላይጠብቅ ይችላል። በብስባሽ ለሚለማ ማሳ የሚስማማው ሥሩን በስፋትና በጥልቀት የሚሰድ፣ ቶሎ ቅጠል አብዝቶ አረምን የሚጋርድና በሽታን በራሱ የሚችል ዝርያ ነው። እነዚህ ባሕርያት ደግሞ የሚለዩት በብስባሽ በለማ ማሳ ላይ ሲፈተኑ ነው።

በፊሊፒንስ ማሲፓግ በሚል ምኅጻረ ስም የሚታወቀው የአርሶ አደሮችና የሳይንቲስቶች ጥምረት እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የሄደው በዚህ መንገድ ነው። አባል አርሶ አደሮች በመሞከሪያ ማሳዎቻቸው ላይ በርካታ የሩዝ ዝርያዎችን ያለ ኬሚካል ጎን ለጎን እየዘሩ ለየአካባቢያቸው የሚስማማውን ይመርጣሉ፤ ራሳቸውም ያዳቅላሉ። በዚህም ድርቅን፣ ጎርፍንና ጨዋማ ውኃን የሚችሉ ዝርያዎችን ለይተዋል።

በኢትዮጵያም ለዚህ መሠረት የሚሆን ልምድ አለ። በ1988 ዓ.ም. አካባቢ በትግራይ የተጀመረውና ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ያገዙት የብስባሽ ሥራ፣ በአግባቡ የተዘጋጀ ብስባሽ በተጎዳ መሬት ላይ ከኬሚካል ማዳበሪያ ጋር የሚስተካከል ወይም የሚበልጥ ምርት ሊያስገኝ እንደሚችል አሳይቷል። የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 488/1998 ከወጣም ሁለት አሠርት ዓመታት ተቆጥረዋል። ይሁንና ሕጉ በአብዛኛው ከቡናና ከሌሎች የውጭ ገበያ ሰብሎች ጋር ተያይዞ ሲነሳ እንጂ ለአገር ውስጥ ምግብ ከሚውል ሰብል ዘር ጋር ተያይዞ ሲታይ አይስተዋልም።

ሊታለፉ የማይገባቸው ገደቦች

የተፈጥሮ ማዳበሪያ ጥቅም ሲነገር ገደቡም አብሮ ሊነገር ይገባል። አንድ ቶን የሩዝ ምርት ከ15 እስከ 20 ኪሎ ግራም የሚደርስ ናይትሮጅን ከመሬት ይወስዳል። በሄክታር 40 ኩንታል ለማምረት ሰብሉ ከ60 እስከ 80 ኪሎ ግራም ያስፈልገዋል ማለት ነው። አንድ ቶን መካከለኛ ብስባሽ የሚይዘው ናይትሮጅን 10 ኪሎ ግራም ያህል ቢሆን፣ ለአንድ ሄክታር ከ6 እስከ 8 ቶን ብስባሽ ይጠይቃል። ከዚህም ውስጥ በመጀመሪያው ዓመት ለሰብሉ የሚደርሰው ከፊሉ ብቻ ነው። ገለባው ለከብት፣ ኩበቱ ለማገዶ በሚውልበት አካባቢ ይህን ያህል ብስባሽ ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ በሥልጠናና በቅስቀሳ ብቻ የሚመለስ አይደለም።

መልሱን በከፊል አርሶ አደሩ ራሱ ይዞታል። በፎገራ ሩዝ ሊታጨድ ሲቃረብ ወይም እንደታጨደ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራሉ። እነዚህ ጥራጥሬዎች ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው በሥራቸው አማካይነት ለመሬቱ ይሰጣሉ። ጓያ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲበላ የእግር ሽባነት የሚያስከትል በመሆኑ፣ ለዚሁ ተግባር ሽምብራን ማስፋፋቱ ወይም የመርዙ መጠን ዝቅተኛ የሆነ የጓያ ዝርያ ማቅረቡ ይመረጣል። ቤተሰቡ ከኩበት ሌላ ማገዶ ካላገኘ ደግሞ የብስባሽ ዕቅድ ከወረቀት አያልፍም። ስለዚህ ቆጣቢ ምድጃና የባዮ ጋዝ ማብላያ የሚያስፋፋው የኢነርጂ ዘርፍ የሩዝ ዘር ልማት አካል ሆኖ ሊታይ ይገባል።

ሁለተኛው ገደብ ከአየር ንብረት ጋር የተያያዘ ነው። ውኃ በተኛበት ማሳ ላይ አየር ስለማይገባ በአፈሩ ውስጥ ያለው ተክላዊ ቅሪት ሲበሰብስ ሚቴን የተባለ ሙቀት አማቂ ጋዝ ይለቃል። በደንብ ያልበሰበሰ ፍግ ወይም ገለባ በውኃ ውስጥ ሲጨመር የጋዙ መጠን ይጨምራል። ኦርጋኒክ ሩዝ በራሱ ለአየር ንብረት ተስማሚ ነው ማለት ስለማይቻል፣ ብስባሹ አስቀድሞ በሚገባ የበሰለ መሆን አለበት። ውኃውን መቆጣጠር በሚቻልባቸው የመስኖ ማሳዎችም ማሳውን በየተራ ማጠጣትና ማንጠፍ ይመከራል። ይህ ዘዴ የውኃ ፍጆታን እስከ 30 በመቶ ሊቀንስ፣ የሚቴን ልቀትንም በግማሽ ያህል ዝቅ ሊያደርግ እንደሚችል የዓለም አቀፉ የሩዝ ምርምር ተቋም ጥናቶች ያመለክታሉ።

ሦስተኛው የአረም ጉዳይ ነው። ፀረ አረም መድኃኒት ሲቀር የጉልበት ሥራ ይጨምራል፤ የዚህ ሥራ ትልቁ ሸክም የሚያርፈውም በአብዛኛው በሴቶችና በልጆች ላይ ነው። በብተና የተዘራ ማሳ በእጅ ካልሆነ አይታረምም። በመስመር የተዘራ ወይም በችግኝ የተተከለ ማሳ ግን በሚገፋ የእጅ መኮትኮቻ ሊታረም ይችላል። ኦርጋኒክ ዘር ከመስመር አዘራርና ከማረሚያ መሣሪያ ተለይቶ ከቀረበ አርሶ አደሩ ቢተወው አይፈረድበትም።

ማሳውና ሐይቁ

ከፎገራ ማሳ የሚወጣ ውኃ ማረፊያው ጣና ነው። የጣና ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የተመዘገበ ሲሆን፣ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ በእምቦጭ አረም ሲፈተን ቆይቷል። እምቦጭ በናይትሮጅንና በፎስፎረስ በበለጸገ ውኃ ላይ በፍጥነት ይራባል። ከተራቆተ ተፋሰስ የሚታጠብ አፈር፣ ከከተሞች የሚወጣ ፍሳሽና ከእርሻ ማሳ የሚያመልጥ ማዳበሪያ ለአረሙ ቀለብ ይሆናሉ። በተዛባ ዝናብ ወቅት በብተና የተሰጠ ዩሪያ ጎርፍ ሲደርስበት አርሶ አደሩ ገንዘቡን፣ ሐይቁም ጤናውን ያጣሉ። ለማዳበሪያው ግዥ የውጭ ምንዛሪ የምታወጣው አገርም የኪሳራው ተካፋይ ናት።

በአንጻሩ በትንሽ ማዳበሪያ ወይም በብስባሽ ጥሩ ምርት የሚሰጥ ዝርያ ወደ ሐይቁ የሚወርደውን ንጥረ ነገር ይቀንሳል። ከሐይቁ የተለቀመ እምቦጭም ለብስባሽ ሊውል ይችላል። ሆኖም የእምቦጭ ፍሬ ለዓመታት ሳይበቅል መቆየት የሚችል በመሆኑ፣ ክምሩ በበቂ ሙቀት ሳይብላላ ወደ ማሳ ከገባ አረሙን ወደ ቦዮችና ኩሬዎች የማዛመት አደጋ አለው። ሥራው በባለሙያ ክትትል መመራት ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

ከአንድ ኩንታል እስከ ሺህ ማሳዎች

የተሻለ ዝርያ መገኘቱ ብቻውን ለውጥ አያመጣም። አዲስ ዝርያ ከአራቢ ዘር ተነስቶ ቅድመ መስራች፣ መስራች፣ ከዚያም የተመሰከረለት ዘር እስኪሆን ሦስት የማባዣ ወቅቶችን ያልፋል። ለማሳያ ያህል፣ አንድ ኩንታል ዘር ለአንድ ሄክታር ይበቃል፤ ከአንድ ሄክታርም ተበጥሮና ተለይቶ 25 ኩንታል ንጹሕ ዘር ይገኛል እንበል። አንድ ኩንታል አራቢ ዘር በመጀመሪያው ወቅት 25፣ በሁለተኛው 625፣ በሦስተኛው 15,625 ኩንታል ይሆናል። ይህም ከ15,000 ሄክታር በላይ የሚያለብስ ዘር ነው።

ስሌቱ ሁለት ነገሮችን ያሳያል። አንደኛ፣ ሥራው በሥርዓት ከተመራ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሰፊ መሬት በአዲስ ዘር ሊሸፈን ይችላል። ሁለተኛ፣ ከሰንሰለቱ አንዱ ቀለበት ከተበጠሰ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት ይባክናል። የመስራች ዘር ውል ሳይፈረም ሰኔ ከገባ፣ የማሳ ቁጥጥር ባለሙያ ሩዙ ሳይታጨድ ካልደረሰ፣ የዘር ግዥ ገንዘብ በወቅቱ ካልተለቀቀ ዘሩ ለምግብ እህልነት ይሸጣል። በአማራ ክልል በቅርብ ዓመታት የታየው የጸጥታ ችግርም የባለሙያንና የግብዓትን እንቅስቃሴ በማወክ ይህን ሰንሰለት ይበልጥ ተጋላጭ አድርጎታል።

ሩዝ ግን በዚህ በኩል አንድ ትልቅ ዕድል አለው። ሩዝ በአብዛኛው ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ተክል ነው። እንደ ድቅል በቆሎ በየዓመቱ አዲስ ዘር መግዛትን አይጠይቅም። አንድ ጊዜ ንጹሕ ዘር ያገኘ የኅብረት ሥራ ማኅበር ባዕድ ተክሎችን ከማሳው እየነቀለ፣ አውድማውንና ከረጢቱን እየለየ ለተከታታይ ዓመታት ጥራቱን ጠብቆ ሊያቆየው ይችላል። ማሳዎች ተራርቀው እንዲዘሩ የሚጠየቀውም ርቀት ጥቂት ሜትሮች ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር የሩዝ ዘር በማኅበረሰብ ደረጃ ለማባዛት ከሚመቹ ሰብሎች አንዱ ነው።

ዘርን በኬሚካል ሳያሹ ከበሽታ ማንጻትም ይቻላል። ዘሩን በጨው ውኃ ውስጥ ነክሮ የሚንሳፈፈውን ገለባና የታመመ ፍሬ ማስወገድ፣ ከዚያም በንጹሕ ውኃ ማጠብ በማንኛውም ቤት የሚሠራ ዘዴ ነው። በጃፓን ዘሩን በ60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቅ ውኃ ውስጥ ለ10 ደቂቃ መንከር ለኬሚካል ምትክ ሆኖ በስፋት ይሠራበታል። ሙቀቱን በትክክል መጠበቅ ስለሚያስፈልግ ይህ በየቤቱ ሳይሆን በማኅበር ደረጃ ቢከናወን ይመረጣል።

የማኅበረሰብ ዘር አያያዝ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። የአገሪቱን የጂን ባንክ የመሩትና እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት የተቀበሉት ዶክተር መላኩ ወረደ፣ አርሶ አደሩ የዘር ተቀባይ ብቻ ሳይሆን ጠባቂና አሻሻይ መሆኑን በሥራ አሳይተዋል። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የዘር አዋጅ ቁጥር 782/2005ም ከመደበኛው የተመሰከረለት ዘር ጎን ለጎን፣ ጥራቱ በአምራቹ የሚገለጽ ዘር በአነስተኛ አምራቾች እንዲመረት በር ከፍቶ ነበር።

ከየመሥሪያ ቤቱ የሚጠበቀው

ከላይ የተዘረዘሩት ነጥቦች ተጠቃለው ሲታዩ የሥራ ድርሻው ግልጽ ይሆናል። የምርምር ተቋማት ዝርያዎችን ሙሉ ማዳበሪያ በተሰጠው ማሳ ብቻ ሳይሆን በብስባሽ በለማና ጎርፍ በሚያገኘው የአርሶ አደር ማሳ ላይ ጭምር ሊፈትኑ ይገባል። ዝርያን የሚያጸድቀው አካልም ከጠቅላላ ምርቱ ባሻገር በዝቅተኛ ግብዓት የሚሰጠውን ምርት፣ የገለባውን ጥራትና ለእንጀራ ያለውን ተስማሚነት እንደ መስፈርት ቢይዝ ዝርያው በአርሶ አደሩ ዘንድ ተቀባይነት የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል።

የዘር ድርጅቶች የማባዣ ውላቸውን ከበልግ በፊት ማጠናቀቅ፣ የክልልና የዞን ግብርና ጽሕፈት ቤቶችም የማሳ ቁጥጥር መርሐ ግብራቸውን ከበጀት ዓመቱ ሳይሆን ከሰብሉ አቆጣጠር ጋር ማጣጣም ይጠበቅባቸዋል። ቅዝቃዜ በማያሰጋቸው ቆላማ የመስኖ አካባቢዎች በበጋ ወራት ዘር ማባዛት ቢቻል ከሦስቱ ወቅቶች አንዱን ማትረፍ ይቻላል። በወረዳ ደረጃ ደግሞ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ሥራ በተከፋፈለ ማዳበሪያ ኩንታል ብቻ መለካቱ ሊጤን ይገባል። የዘር ንጽሕና፣ የተዘጋጀ ብስባሽና ከሩዝ በኋላ በጥራጥሬ የተሸፈነ መሬት በሪፖርቱ ውስጥ ቦታ ካላገኙ በዕቅዱም ውስጥ ቦታ አያገኙም።

ይህ ማለት የኬሚካል ማዳበሪያ በአንድ ጊዜ ከማሳ ይውጣ ማለት አይደለም። ብዙ አፍ የሚመግብ አነስተኛ ይዞታ ያለው አርሶ አደር ለሙከራ የሚያጣው ምርት የለውም። የሽግግሩ አስተማማኝ መነሻ የሚሆኑት በዘር አምራች ማኅበራት እጅ ያሉ የተወሰኑ ማሳዎች ናቸው። በእነዚህ ማሳዎች የተገኘው ውጤት ከአጎራባች ማሳዎች ጋር በየዓመቱ እየተነጻጸረ ሲረጋገጥ ሌላው አርሶ አደር ዓይቶ ይከተላል። ሩዝ ራሱ በፎገራ የተስፋፋው ከጎረቤት ወደ ጎረቤት በተሰጠ ዘር መሆኑ ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው።

የፎገራ ሜዳ በአንድ ወቅት ጉዳት የነበረውን ውኃ ወደ ሀብት የለወጠ አካባቢ ነው። ለውጡን ያመጣው ለሜዳው የሚስማማ ዘር መገኘቱ ነበር። የዝናቡ ጠባይ በተለወጠበት በአሁኑ ጊዜም ሜዳውን የሚታደገው እንደገና ዘር ነው። ልዩነቱ ያን ጊዜ አንድ ዝርያ የበቃ ሲሆን፣ ዛሬ ግን በማሳው ላይ የተመረጡ በርካታ ዝርያዎችና ሰኔ ሳይገባ ከአርሶ አደሩ ደጅ የሚደርስ ንጹሕ ዘር ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያውን ምርምር ሊያስገኝ ይችላል፤ ሁለተኛው ግን ሙሉ በሙሉ በአስፈጻሚው አካል እጅ ያለ ነው።